የተቆረጠ ጅማት እስከ መቼ ይጠብቃል?
ስለ ቆየ የእጅና የክንድ ጅማት ጉዳትና ስለ ቀዶ ጥገናው

የሰው ጣት የሚያጥፈው ጡንቻ በራሱ ውስጥ የለውም። ይህ አባባል ለብዙ አንባብያን እንግዳ ሊሆን ይችላል። እስቲ የግራ እጃችሁን መዳፍ በቀኝ ክንዳችሁ ላይ፣ ከክርን ዝቅ ብሎ ባለው ወፍራም ክፍል ላይ አሳርፉና የቀኝ ጣቶቻችሁን ደጋግማችሁ ጨብጡ፤ ዘርጉ። ከቆዳው ሥር ሲንቀሳቀስ የሚሰማችሁ ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ጡንቻዎች ናቸው። በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች እገዛ ቢያደርጉም፣ ዕቃ አጥብቆ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል የሚመነጨው ከክርን አጠገብ ነው። ይህንን ኃይል በእጅ አንጓ አሳልፎ እስከ ጣት ጫፍ የሚያደርሰው ጅማት ነው።

ጅማቱ ሲበጠስ ጡንቻው፣ አጥንቱና መገጣጠሚያው ጤነኞች ሆነው ሳለ ጣቱ አልታዘዝ ይላል። ጉዳቱ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ መስፋት ይቻላል። ሐኪም ቤት ርቆ በሚገኝበት ገጠር ግን ጉዳተኛው ለቀዶ ሐኪም የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ መስፋት ብቻውን አይበቃም። ለምን አይበቃም? ታዲያ ምን ይደረጋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ነው።

ጅማት ምን ዓይነት ገመድ ነው?

በአማርኛ «ጅማት» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስተሳስረውም፣ አንዳንዴ ነርቭና ደም ሥር ሳይቀሩ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ «ጅማቴ ተቆረጠ» የሚል ሰው ሲመጣ ሐኪሙ በትክክል ምን እንደ ተቆረጠ ለማወቅ ደግሞ መመርመር ይኖርበታል። እዚህ ላይ ጅማት የምንለው ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውን፣ ቴንደን የሚባለውን ብቻ ነው።

የጅማት ጥንካሬ የሚገኘው ኮላጅን ከተባለው ፕሮቲን ነው። ከጅማት ውስጥ ውኃው ቢወገድ ከሚቀረው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ ኮላጅን ነው። እያንዳንዱ የኮላጅን ሞለኪውል ሦስት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተገምደው የሚፈጥሩት ሲሆን፣ ሞለኪውሎቹ ተሰልፈው ቀጭን ክር፣ ክሮቹም ተጠቃለው ወፍራም ክር እየሆኑ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዘረጋሉ። በመካከላቸው የሚገኙት ሕያው ሕዋሳት ጥቂቶች ናቸው፤ የደም ሥሩም አነስተኛ ነው። ጅማትን ጠንካራና ቀጭን ያደረገው ይኸው አሠራር፣ በተጎዳ ጊዜ ቀስ ብሎ እንዲድን ያደረገውም ነው።

በጣቶች ላይ ደግሞ አጣፊዎቹ ጅማቶች የሚንሸራተቱት ቧንቧ በመሰለ ሽፋን ውስጥ ነው። ይህ ሽፋን በየቦታው በጠንካራ ቀለበቶች ከአጥንት ጋር ተያይዟል። ቀለበቶቹ ባይኖሩ ኖሮ ጣት በታጠፈ ቁጥር ጅማቱ ከአጥንቱ እየራቀ፣ ጥጥ እንደሚነደፍበት ደጋን አውታር በቆዳ ሥር በተወጠረ ነበር። ይህንን ምሳሌ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ወደ ቀለበቶቹ መመለሳችን አይቀርም።

ማጭድ፣ ስፌትና የተረሳው ጅማት

በሰሜን ወሎ፣ በዋድላ ወረዳ በኮን ከተማ ዙሪያ እንዳሉት ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ገብስና ስንዴ የሚታጨደው በእጅ ነው። አጫጁ በቀኝ እጁ ማጭዱን ይይዛል፤ በግራ እጁ አገዳውን ይጨብጣል፤ ማጭዱንም ወደ ራሱ ይስባል። በመሆኑም ማጭድ ሲስት የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የግራ እጅን ጣቶች ነው። በዚያች ቅጽበት ጣቶቹ ታጥፈዋል፤ ጅማቶቹም ተወጥረዋል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ትልቅ ስሕተት ያስከትላል። ጣት ታጥፎ ሳለ አጣፊው ጅማት ቢቆረጥና ጉዳተኛው ኋላ ጣቱን ቢዘረጋ፣ የጅማቱ የታችኛው ጫፍ ከቁስሉ አልፎ ወደ ጣት ጫፍ ይሄዳል። የላይኛውን ጫፍ ደግሞ ጡንቻው ወደ መዳፍ ይስበዋል። ስለዚህ ቁስሉን ከፈት አድርጎ የሚመለከት ባለሙያ በቁስሉ ወለል ላይ የተቆረጠ ነገር ላያይ ይችላል። ቁስሉን ያጥባል፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ይሰጣል፣ ቆዳውን ይሰፋል። ሥራው በራሱ ትክክል ነው፤ ጎደለ የምንለው ጣቱን አንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆዳው ይድናል፤ ጣቱ ግን አይታጠፍም። ጉዳተኛው «ቁስሉ ገና ስላልጠና ነው» ብሎ ይታገሣል። ነዶው መሰብሰብ አለበት፤ ውቂያም ይከተላል። ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻን በጅምላ መንቀፍ በበኩላችን ተገቢ አይመስለንም፤ የወለቀን መገጣጠሚያ በመመለስ ብዙዎችን ያስታገሡ ወጌሾች በየአካባቢው አሉ። ነገር ግን የተቆረጡት ጫፎች በሴንቲ ሜትሮች ተራርቀው እያለ ማሸት አያገናኛቸውም። በዚህ መካከል የሚያልፈው ጊዜ የሚመለስ አይደለም።

ጅማት መቆረጡን ለማወቅ ራጅም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጣት ጫፍ ድረስ የሚሄደውን ጥልቅ ጅማት ለመመርመር የጉዳተኛውን ጣት መካከለኛ መገጣጠሚያ ቀጥ አድርጎ ይዞ የጣቱን ጫፍ ብቻ እንዲያጥፍ መጠየቅ ነው። ካልታጠፈለት ጥልቁ ጅማት ተቆርጧል ብሎ መጠርጠር ይገባል። እስከ መካከለኛው የጣት አጥንት ብቻ የሚሄደውን ሁለተኛውን ጅማት ለማወቅ ደግሞ ሌሎቹን ጣቶች ዘርግቶ ይዞ የተጎዳው ጣት በመካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ እንዲታጠፍ ይጠየቃል፤ ትንሿ ጣት ግን በብዙ ጤነኛ ሰዎችም ዘንድ ይህንን ፈተና ስለማታልፍ በእርሷ ላይ አይፈረድም። የአውራ ጣትን ዘርጊ ለመመርመር መዳፉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ አውራ ጣቱን ብቻ ወደ ላይ እንዲያነሣ ማድረግ ነው። የጣቱን ሁለት ጎኖች ነካ ነካ እያደረጉ ስሜት መኖሩን መጠየቅም ያስፈልጋል፤ ነርቮቹ ከጅማቱ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ አብረው ሊቆረጡ ይችላሉና። ጣቱ ታጥፎለት ነገር ግን ሲታጠፍ ብርቱ ሕመም ከተሰማውም ጅማቱ በከፊል ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጅማት ከቀናት በኋላ በቀላል ሥራ ሙሉ በሙሉ ሊበጠስ ይችላል። እነዚህ ፈተናዎች ከአንድ ደቂቃ አይበልጡም። በዓመት ዕረፍቱ ወደ ወላጆቹ መንደር የሚመለስ ተማሪ ሁሉ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ናቸው።

ጊዜ የሚያበላሸው ምንድን ነው?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ የተቆረጡት ጫፎች ብዙውን ጊዜ ያለ ብርቱ ትግል ይገናኛሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ሲያልፍ ግን ሦስት ነገሮች በአንድነት ይበላሻሉ።

የመጀመሪያው ጡንቻው ነው። ጡንቻ የተሠራው ሳርኮሜር ከሚባሉ እጅግ ትናንሽ አሃዶች ሲሆን፣ የእያንዳንዳቸው ርዝመት ከሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው። በአንድ ጡንቻ ክር ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሳርኮሜሮች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ይሰለፋሉ። የሚጎትተው ሸክም የሌለው ጡንቻ አጥሮ ሲቀመጥ ሰውነት «ይህን ያህል አሃድ አያስፈልገኝም» ያለ ያህል ሳርኮሜሮቹን ያስወግዳል። በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሥራ፣ እግራቸው በጀሶ ታስሮ የባት ጡንቻቸው አጥሮ እንዲቆይ የተደረጉ ድመቶች በጡንቻው ክሮች ላይ ከነበሩት ሳርኮሜሮች ከመቶ 40 ያህሉን አጥተው ተገኝተዋል። ጀሶው ሲፈታ ቁጥሩ ተመልሷል። ስለዚህ ጡንቻ ሊለጠጥ የማይችል ነገር አይደለም፤ ሆኖም ከብዙ ወራት በኋላ በጡንቻው ክሮች መካከል ስብና ጠባሳ እየገባ ስለሚሄድ የመመለስ ዐቅሙ ይቀንሳል።

ሁለተኛው መተላለፊያው ነው። ጅማት የማይንሸራተትበት ሽፋን እየጠበበ፣ ግድግዳና ግድግዳው እየተጣበቀ በጠባሳ ይሞላል፤ ቀለበቶቹም ይሟሽሻሉ። ሦስተኛው መገጣጠሚያው ነው፤ ያልታጠፈ ጣት ይደርቃል። በተለይ ይህ ሦስተኛው ጉዳት በጉዳተኛው እጅ የሚከላከሉት መሆኑ መታወቅ አለበት። ጅማቱ ተቆርጦ ከርሞም ቢሆን፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ በሌላው እጅ ጣቱን በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ያጠፈና የዘረጋ ሰው ለቀዶ ሐኪሙ ግማሽ ሥራ ሠርቶ ይጠብቀዋል። መገጣጠሚያው የደረቀ ጣት ላይ አዲስ ጅማት መትከል ግን በዛገ መዝጊያ ላይ አዲስ ገመድ እንደ ማሰር ነው።

ከዘገየ በኋላ ምን ይደረጋል?

መዘግየት ሁልጊዜ የጉዳተኛው ጥፋት እንዳልነበረ የሕክምና ታሪክ ይነግረናል። ሁለቱ አጣፊ ጅማቶች በአንድ ጠባብ ሽፋን ውስጥ አብረው የሚያልፉበትን፣ ከመዳፍ አጋማሽ እስከ ጣት መካከል ያለውን ክፍል አሜሪካዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ስተርሊንግ በኔል «የማንም ያልሆነ መሬት» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። እዚያ የተሰፋ ጅማት ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ቆዳውን ብቻ ዘግቶ ኋላ ሌላ ጅማት መትከል ይሻላል የሚለው ምክር ለበርካታ ዓሠርት ዓመታት ጸንቶ ቆየ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንዱ ክሎድ ቬርዳንና የአሜሪካው ሃሮልድ ክላይነርት በጥንቃቄ ተሰፍቶ ቶሎ እንዲንቀሳቀስ የተደረገ ጅማት እዚያም ቢሆን እንደሚድን አሳዩ። ዛሬ ትኩስ ጉዳት በየትኛውም የጣት ክፍል ላይ ቢሆን ወዲያውኑ ይሰፋል። የበኔል ዘመን ዕውቀት ግን ከንቱ አልሆነም፤ ዘግይቶ ለሚመጣው ጉዳተኛ አሁንም መድኃኒቱ እርሱው ነውና።

የመጀመሪያው ዘዴ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ መትከል ነው። ከየት ይወሰዳል? አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኙና የእጃችሁን አንጓ ወደ ውስጥ ጎበጥ አድርጉት። በአንጓው መካከል ቀጥ ብላ የምትወጣው ገመድ ፓልማሪስ ሎንገስ የምትባል ጅማት ናት። የምትሠራው ሥራ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ብትወሰድ እጁ አይጎዳም። ገመዷ ካልታየችም አትደንግጡ፤ ከአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ከመቶ 15 በሚሆኑት ክንዶች ላይ ከነጭራሹ አትገኝም። እርሷ ከሌለች ከባት ወይም ከእግር ጣቶች ዘርጊዎች ይወሰዳል።

ሽፋኑ በጠባሳ ከተሞላ ግን ጅማት ቢተከልም የሚንሸራተትበት መንገድ የለውም። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በበኩላችን እጅግ ብልህ ከምንላቸው አንዱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ጠባሳውን አጽድቶ፣ የፈረሱትን ቀለበቶች ከተረፈ ጅማት እንደገና ሠርቶ (ደጋኑን ያስታውሷል) በጅማቱ ቦታ ለስላሳ የሲሊኮን ዘንግ ያስገባል። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የመክበብ ልማድ ስላለው በዘንጉ ዙሪያ ለስላሳ ግድግዳ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ጣቱ በሌላው እጅ እየታገዘ በየቀኑ ይንቀሳቀሳል። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ዘንጉ ይወጣና አዲሱ ጅማት ሰውነት በሠራው ቧንቧ ውስጥ ይተካል። ዘዴው በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው ጄምስ ሃንተር በ1971 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሥራ ወዲህ ነው። ሌላ ጊዜ ጠላት የሚሆነው የሰውነት ጠባሳ የመሥራት ዝንባሌ እዚህ ላይ አናጢ ሆኖ ተቀጥሯል።

ሁለተኛው ዘዴ ማዛወር ነው። ይህንን ለመረዳት የአውራ ጣት ዘርጊው ጅማት ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ሰው ከበቅሎ ወድቆ የእጅ አንጓው አጥንት ተሰነጠቀ እንበል። አጥንቱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ወጌሻ አሰረው ወይም በሐኪም ቤት ጀሶ ተደረገለት፤ ሕመሙም ተሻለው። ከሦስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ያለ ምንም ሕመም አውራ ጣቱ ዝልል ይልበታል። ምክንያቱ ይህ ጅማት በአንጓው ጀርባ ላይ ባለች ትንሽ የአጥንት ጉብታ ዙሪያ ታጥፎ በጠባብ ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ መሆኑ ነው። ከስንጥቁ የሚመጣው እብጠት በዋሻው ውስጥ ያለውን ጥቂት የደም ዝውውር ያፍናል፤ ሻካራው አጥንትም ይፍቀዋል። ጉዳተኞች በዚህ ጊዜ ወጌሻውን ወይም ጀሶ ያደረገውን ሐኪም ይወቅሳሉ፤ ይሁንና አስተሳሰሩ ጥሩም ቢሆን ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፕሩሲያ ጦር ከበሮ መቺዎች ላይ ይኸው ጅማት አጥንት ሳይሰበር፣ በተደጋጋሚ መፈተግ ብቻ እየተበጠሰ «የከበሮ መቺዎች ሽባነት» የሚል ስም ማትረፉ የሚያስገርም ነው።

እንዲህ የተበጠሰ ጅማት ጫፎቹ እንደ አሮጌ ገመድ ስለተነዱ መስፋት አይቻልም። እስቲ አሁን እጃችሁን ጨብጡና ጠቋሚ ጣታችሁን ብቻ ዘርጉ። ያለ ችግር ይዘረጋል። ቀለበት ጣታችሁን ብቻ ለመዘርጋት ብትሞክሩ ግን ትቸገራላችሁ። ጠቋሚ ጣት ከሌሎቹ ጋር ከሚጋራው ዘርጊ ሌላ የራሱ የሆነ ሁለተኛ ዘርጊ አለው። ቀዶ ሐኪሙ ይህንን ትርፍ ጅማት ከጠቋሚው ሥር ቆርጦ፣ በቆዳ ሥር አሻግሮ ከአውራ ጣቱ ጅማት ጋር ይሰፋዋል። ጠቋሚው በቀረለት ዘርጊ ይሠራል፤ አውራ ጣቱም ይነሣል። ሕያውና ጠንካራ ጡንቻ ስለተሰጠው ጉዳቱ ከደረሰ ዓመት ቢያልፈውም ችግር የለውም። የድሮው ጡንቻ ቢሟሽሽም የሚያሳስብ አይሆንም፤ ሥራው ለሌላ ተሰጥቷልና። ጉዳተኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አውራ ጣቱን ለማንሣት «ጠቋሚዬን ላንሣ» ብሎ ማሰብ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላ ግን አንጎሉ አዲሱን መንገድ ይለምደዋል።

ጅማት ማዛወር ለአገራችን ሕክምና እንግዳ አይደለም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በክርን አጠገብ የሚያልፈውን ነርቭ ሲጎዳ በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ይሽመደመዳሉ፤ ጣቶችም እንደ ጥፍራም አሞራ እግር ይቆለመማሉ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ከተማ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ጤነኛ ጡንቻ ያላቸውን ጅማቶች ወደ ሽባዎቹ ጣቶች እያዛወረ እጆችን ወደ ሥራ መለሰ። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሥጋ አይድንም ተብሎ ይታመን ስለነበር ሥራው ከአንድ ቀዶ ጥገና በላይ ትርጉም ነበረው። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ይህንን ዓይነት ቀዶ ጥገና ከአካል ማጎልመሻ ሕክምናው ጋር አያይዞ ለኢትዮጵያውያንና ለሌሎች አፍሪካውያን ባለሙያዎች ሲያስተምር ኖሯል። ለወሎ ሰው ደግሞ የደሴው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። ስለዚህ በማጭድ ለተቆረጠና ለከረመ ጅማት የሚያስፈልገው ዕውቀት የተለማመደው፣ ማኅበረሰቡ አግልሏቸው በነበሩ ሰዎች እጅ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ከክርን በላይ ስንወጣ ጉዳዩ ይለወጣል። ከባድ ሸክም ሲያመልጠው ቀልቦ ለመያዝ የሞከረ ጎልማሳ፣ በክንዱ ፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ከክርን በታች ካለው አጥንት ተነቅሎ ወደ ላይ ይጠቀለልበታል። ክርኑ መታጠፉን አያቆምም፤ ሌላ ጡንቻ አለውና። ሆኖም የማጠፍ ኃይሉ ከመቶ 30 ያህል፣ መዳፍን ወደ ላይ የመገልበጥ ኃይሉ ደግሞ ከመቶ 40 ያህል ይቀንሳል። ከአንድ ወር በኋላ ጡንቻው ስለሚያጥር፣ ቀዶ ሐኪሙ ክርኑን አጥፎ ቀጥታ ያያይዘዋል፤ አልደርስ ካለውም ከጭን ጀርባ ጅማት ወስዶ ድልድይ ይሠራለታል።

ቀዶ ጥገና የማይመረጥበት ጊዜም አለ። ለምሳሌ የአንድ ጣት ጥልቅ ጅማት ብቻ ተቆርጦ፣ ሁለተኛው ጅማት ጣቱን በመካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ በሚገባ የሚያጥፈው ከሆነ፣ ያንን ጣት እንዳለ መተው ወይም ጫፉን በትንሹ ታጥፎ እንዲደርቅ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። ጫፉን ለማዳን ሲባል የሚሠራውን ጅማት ማጣበቅ ኪሳራ ነውና።

ነቅቶ የሚታከም እጅ

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ አስቸጋሪው ነገር የጅማቱን ውጥረት መወሰን ነው። ከላላ ጣቱ አይታጠፍም፤ ከከረረ አይዘረጋም። ጉዳተኛው ተኝቶ ሳለ ቀዶ ሐኪሙ ይህንን የሚወስነው በልምድ ነው። ካናዳዊው ዶናልድ ላሎንድና ባልደረቦቹ ያስፋፉት ዘዴ ግን የእጁን ስሜት ብቻ በሊዶኬይንና በአድሬናሊን አደንዝዞ ጉዳተኛው ነቅቶ እንዲታከም ያደርጋል። አድሬናሊን ጣትን ያደርቃል የሚለው የቆየ ፍርሃት ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. 3,110 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት አንድም ጣት አለመጥፋቱን አሳይቷል። ሐኪሙ ጅማቱን ለጊዜው ይሰፋና «እስቲ ጣትዎን ያጥፉ» ይላል፤ ውጥረቱ ካልተስማማ ቆዳው ሳይዘጋ ያስተካክለዋል። ሙሉ ማደንዘዣ የማይጠይቅ በመሆኑም የማደንዘዣ ባለሙያ ለሚያንሳቸው ሆስፒታሎች ይስማማል።

ከኮን የሚነሣ ጉዳተኛ በመጀመሪያ የሚያገኛቸው ትላልቅ ሆስፒታሎች የወልዲያና የደሴ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ከባድ ጉዳት ደርሶባቸው ነበር። የተወሳሰበው ሥራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድን ሊጠይቅ ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ክትትል ደግሞ ከራሱ ከቀዶ ጥገናው የማይተናነስ ነው። የተሰፋ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚይዘው ክሩ ብቻ ነው። በአራት ክር የተሰፋ ጅማት 40 ኒውተን ገደማ ሲችል፣ ጣትን ቀስ ብሎ ማጠፍ 10 ኒውተን ያህል ይጠይቃል፤ አጥብቆ መጨበጥ ግን ከክሩ ዐቅም ያልፋል። ስለዚህ ጣቱ መንቀሳቀስ አለበት፣ እንዳይጣበቅ፤ መሥራት ግን የለበትም፣ እንዳይበጠስ። ሙሉ ኃይል የሚፈቀደው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ከእርሻ ወቅት ጋር መታሰብ ይኖርበታል። የሲሊኮን ዘንግ የሚያስፈልገው አጫጅ ውቂያው ሲያልቅ በጥር ወር የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ቢያደርግ፣ ሁለተኛውን የሚያደርገው በሚያዝያ ነው። ከባድ ሥራ የሚፈቀድለትም በሐምሌ አጋማሽ ይሆናል። የሰኔው እርሻ ያመልጠዋል ማለት ነው፤ እርፍ የሚጨብጥለት ዘመድ ወይም ጎረቤት ከወዲሁ መለመን አለበት። ለኅዳሩ አጨዳ ግን እጁ ይደርሳል።